ለዘይነባ የሠራሁት ደብዳቤ

ደብዳቤዬን ተነጥቄያለሁ። የመቱ ኬላ ሹም የነበረው ጣሊያን ለዘይነባ የሠራሁትን ወስዶ አስቀርቶብኛል፤ ሳልሞት ይህ ይጻፍልኝ። ሰሞኑን የልጅ ልጄ ጎሬ ላለች ጓደኛዋ ወረቀት እየቀደደች፣ እየለጠፈች ስታስጌጥ አይቼ ነው ነገሩ የተነሳብኝ።

ዘይነባ የቡሬ ነጋዴ ልጅ ናት። አንድ ጊዜ ከአባቷ ጋር ለገበያ መጥታ እኛ ቤት ሁለት ቀን አድራለች። እሷ የተማረችው የዓረብ ፊደል፣ እኔ ከቄስ የቀሰምኩት ሀሁ፤ ብንጻጻፍ አንነባበብም። ስለዚህ የምንላላከው ቃል የሌለው ደብዳቤ ነበር። እሷ ጨርቅ ላይ ትጠልፋለች፣ እኔ ስኳር በሚጠቀለልበት ሰማያዊ ወረቀት ላይ እሠራለሁ። ተራ አለን፤ አንዷ ሳትመልስ ሌላዋ አትልክም። ተራ ማፍረስ ያኔም አልወድም፣ ዛሬም አልወድም።

ቡና ባበበ ሰሞን፣ ደብዳቤያችንን የሚያመላልሱት በቅሎ ነጂ ጋሼ ገመቹ የዘይነባን መልእክት በአፍ አመጡልኝ። «ከቡሬ ልንሄድ ነው። ደብዳቤዋ ከደረሰኝ የምንገባበትን አገር እልክላታለሁ። ካልደረሰኝ ትታኛለች እላለሁ» ብላለች።

የቡና አበባ ሦስት ቀን አይቆይም። ሰም አቅልጬ ነከርኩት። የወረቀቱን ዙሪያ በእርድ ቀባሁ፣ ከእናቴ ነጠላ ጥለት ክር መዝዤ ሰፋሁት፤ ለዚህም ተቆነጠጥኩ። ለሽታው ኮረሪማ ጨመርኩበት። እንደዚያ ያማረ ነገር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።

ጋሼ ገመቹ ግን የኬላ ማኅተም የሌለው ወረቀት አልይዝም አሉ። ኬላው ሄድኩ። ሹሙ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው። አስተርጓሚው የሰፈራችን ሰው፣ ጋሼ ተሰማ ነበሩ።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«ምንም አይልም።»

«ምንም የማይል ደብዳቤ አለ እንዴ? ይቺ ደግሞ ልታስገርፈኝ ነው!»

ፈራሁ። ክፉ ነገር እንደሌለበት ለማስረዳት አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ አበባው የምን እንደሆነ፣ ሰሙን እንዴት እንዳቀለጥኩ፣ እርዱን በምን እንደበጠበጥኩ። ጋሼ ተሰማ ይተረጉማሉ፣ ሹሙ ራሱን እየነቀነቀ ይጽፋል። የማለፊያ ወረቀት የሚጽፍልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ምንም አላስቀረሁም። ሲጨርስ ደብዳቤዬን መሳቢያው ውስጥ ቆልፎ በእጁ ሂጂ አለኝ።

እየሮጥኩ ጋሼ ገመቹ ጋ ደረስኩ። «ሠርታልሽ ነበር፣ ጣሊያን ወሰደባት በሉልኝ።»

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ በቅሎዎቹን እየጫኑ፣ «ስለ ጣሊያን የሚያወራ ምላስ የለኝም። ስድስት ልጆች አሉኝ።»

«እንግዲያው ሠርታልሻለች ብቻ በሏት!»

«የታለ? ስትለኝስ?»

በቅሎዎቹ ወደ ቡሬ መንገድ ታጠፉ። ዘይነባ የት እንደገባች እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እሷም ትታኛለች እንዳለች ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተወስዶብኛል፣ መሬትም ጭምር። ለመሬቱ ቢያንስ የምከራከርበት ደጅ ነበረኝ። ለዚህ ግን ለማን አቤት ይባላል? ጋሼ ተሰማን በጠየቅኳቸው ቁጥር «የድሮ ነገር ተይው» ይሉኝ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ እንደገና ቤታቸው ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ለዩኝ።

«ጋሼ፣ ያን ዕለት ሹሙ የሚጽፈው ምን ነበር? ሳይነግሩኝ አልሄድም።»

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ወርቄ፣ ሹሙ አገሩ ሴት ልጅ ነበረችው። ደብዳቤሽን ለሷ ላከላት። አበባውንም፣ ሰሙንም፣ እርዱንም አንድ ሳይጥል፣ በገዛ እጄ የሠራሁልሽ ብሎ ነው የጻፈላት።»