ከአፎቱ ያልወጣው ቢላ

እስቲ ያንን ቢላ ወዲህ በለው። አይ፣ ሲያብረቀርቅስ ደስ ይላል! መስታወት አድርገህ ጺምህን ትላጭበታለህ። እናንተ ልጆች ቢላ ስትገዙ የምታዩት ማብረቅረቁን ነው። በሉ ተቀመጡ፤ የጌጡን ነገር ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ ደስ ያላችሁን ግዙ።

ካቻምና ኅዳር ላይ ነው። የርብ ውኃ ከማሳው ሸሽቷል፤ ሩዙ ግማሹ ታጭዶ ግማሹ ገና ቆሟል። ያን ዓመት ዝናቡ ስለቆየ መሬቱ አልጠና ብሎ ነበር። ላዩ የደረቀ ይመስላል፤ ስትረግጡት ግን እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣችኋል። በዚያ ላይ የዱር አሳማ መጣብን። ሌሊት ረግረጉን ከሸፈነው ረጅም ሣር፣ ከፊላው ወጥቶ ይገባል፤ ከሚበላው ይልቅ የሚደፈጥጠው ይብሳል። የጌጡ ማሳ ደግሞ ከረግረጉ ጋር ይዋሰናል። ሰውዬው የዓመት ቀለቡ ዓይኑ እያየ ሊያልቅ ሆነ።

ጌጡ ጎረቤቴ ነው፤ ከጎረቤትም አልፎ የልጄ የክርስትና አባት ነው። አሳማውን ልናድን የወጣነው ሦስት ነን፤ ሦስተኛችን ታከለ ይባላል፤ ጦር የሚይዘው እሱ ነው። ዝምተኛ ሰው፣ አብራችሁት ውላችሁ መኖሩን የምትረሱት ዓይነት። ዳማ የምትባል ውሻ አለችው፤ እሷ ግን የሱን ዝምታ ሁሉ ትክሳለች።

አሁን የቢላውን ነገር ስሙኝ። የጌጡ ቢላ ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ነው፤ ሐሙሲት ያለ ብረት ቀጥቃጭ የሠራለት። ጥቁር፣ ወፍራም፣ መልክ የሚባል ያልፈጠረበት። አጥንት ብትመቱበት አይሸረፍ፣ ቆማችሁ ብትረግጡት አይሰበር። አመሉ አንድ ብቻ ነው፤ ይዝጋል። እርጥብ ላይ ካደረ ጠዋት ቀልቶ ታገኙታላችሁ። ቀጥቃጩም ሲሰጠው ቅባት እንዳይለየው ብሎታል፤ ጌጡም የበግ ሞራ ሳይቀባው አይውልም ነበር። የኔ ደግሞ ወረታ ገበያ የገዛሁት፣ ነጭ፣ አይዝግም የሚሉት። እውነትም አይዝግም። «ከሚስትህ ጠጉር ያንተ ቢላ ቅቤ ይፈጃል» እያልሁ ስቀልድበት ይስቃል።

ያን ቀን ጎህ ሲቀድ ወጣን። ጭጋጉ ከሐይቁ በኩል መጥቶ ማሳው ላይ ተኝቷል፤ ጤዛው ሱሪያችንን እስከ ጉልበት አራሰው። ጌጡ ከፊላው ጥግ ጎንበስ አለና ዱካውን አሳየን። ኮቴው ሰፊ ነው፣ ጠርዙ ገና አልፈረሰም፣ ውስጡ ውኃ መሙላት መጀመሩ ነው። አሳማው ከሩዙ አልወጣም ማለት ነው። ወደ ፊላው የሚመለስበትን ቀዳዳ አገኘንና የናይለን ገመድ ሸምቀቆ ዘረጋንበት። ሌላ አገር የገመዱን ጫፍ ከግንድ ጋር ያስሩታል። እኛ ፎገራ ሜዳ ላይ ግንድ ከየት ይመጣል? ችካል ቀጥቅጠን አስገባንና እሱ ላይ አሰርነው። ታከለ ውሻዋን ይዞ በወዲያ በኩል ዞረ፤ እኔና ጌጡ ፊላው ሥር አደፈጥን።

ዳማ ጮኸች። ሩዙ እንደ ውኃ ተከፈለና ወጣላችሁ። እንደዚያ ያለ አሳማ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም፤ ጥጃ ያክላል። አንገቱንና አንድ እግሩን ይዞ ሸምቀቆው ጥብቅ አለ። ደስታችን ግን ወዲያው ጠፋ፤ ጭቃው ልቅ ነው፣ ችካሉ ተነቅሎ ወጣ። ጌጡ ዘሎ ገመዱን ያዘና እጁ ላይ ጠመጠመው። የኛ አገር ሰው ኮርማ ሲይዝ የሚያደርገው ነው፤ ሁላችንም እናደርገዋለን፣ እጃችን ለምዶታል። ኮርማ ግን ሲደክመው ይቆማል። አሳማው ጌጡን በደረቱ እየጎተተ ቦዩ ውስጥ ከተተው።

ሮጬ ደረስሁ። እርጥብ ናይለን እጁ ላይ ተቆልፏል፤ አይፈታ፣ አይላላ። ቢላዬን መዝዤ ከገመዱ ሥር አስገባሁና ወደ ላይ ገፋሁት። ጠቅ አለ። እጄ ላይ የቀረው እጀታው ብቻ ነው! ብረቱ እጀታው ውስጥ የገባው የጥፍር ያህል ነበር ለካ፤ የተሰበረውም እንደ ሸክላ ነው። አሳማው ገመዱ ሲይዘው ጊዜ ፊቱን ወደኛ መለሰ። ክራንቻው አረፋ ለብሷል፤ ትንፋሹ ይሸተኛል።

«የኔን! ከወገቤ!» አለ ጌጡ።

የባሌስትራውን እጀታ ይዤ ሳብሁ። አልመጣም። በሁለት እጄ ሳብሁ፤ ቀበቶው ከነአፎቱ ተከትሎኝ መጣ እንጂ ቢላው ንቅንቅ አላለም። አያድርስባችሁ፣ ልጆች! ያ የምትተማመኑበት ብረት እጃችሁ ላይ ሆኖ ሳይታዘዛችሁ ሲቀር ያለውን ስሜት አያሳያችሁ። ዳማ ደርሳ የአሳማውን ጆሮ ነከሰች። አሳማው እሷን ሊጥል ወደ ኋላ ሲወረወር ገመዱ ተወጥሮ ሄደ፤ ጌጡም አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸ። ታከለ በዚያች ቅጽበት ደርሶ ጦሩን ከአሳማው ብብት ሥር ሰካው።

አሳማው ሞተ፤ ገመዱም ላላ። የጌጡ ቀኝ እጅ ከአውራ ጣቱ በቀር አልተረፈም። በባጃጅ ወረታ ሆስፒታል አደረስነው፤ ሐኪሙ የሚችለውን አደረገ፣ የሚመለስ ነገር ግን አልነበረም።

እኔ ቤቴ ስገባ ያ ቢላ ካፎቱ ጋር አብሮኝ መጥቷል። የአፎቱን ቆዳ በምላጭ ቀደድሁት። ዝገቱ ቆዳው ውስጥ ሥር ሰዶ እንደ ሙጫ ይዞታል። ስንት ቀን ውኃ ውስጥ ስንውል ስንከርም ቆዳው ጠጥቶ ጠጥቶ ብረቱን በልቶታል። ሞራው የታለ ብዬ ግራ ገባኝ። ሚስቱ ናት የነገረችኝ። የገና ጾም ሲገባ ድስቱና ሳህኑ ሲታጠብ ጌጡም ቢላውን አምጥቶ በአመድና በፍል ውኃ ፈተገው። ማሳ ላይ ሽንኩርት የሚከትፈው በሱ ነዋ! የበግ ሞራ የነካው ቢላ የጾም ምግብ እንዳይነካ ብሎ አጥቦ፣ አድርቆ፣ አፎቱ ውስጥ መለሰው። ይኼን ስትነግረኝ ከበስተኋላዋ መደርደሪያው ላይ የኑግ ዘይቱ ጠርሙስ ቆሟል።

ሆስፒታል ልጠይቀው ስገባ «ጾሙ ነው ጉድ የሠራህ» አልሁት።

«ጾሙ ዘይት አልከለከለኝም» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እንግዲህ ብረት ስትመርጡ እንዲህ ምረጡ። እኛ ውኃ ውስጥ የምንውል ሰዎች ነን፤ የማይዝግ ይሻለናል። የማይዝግ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ጀርባው ወፍራም ይሁን፤ ብረቱ እጀታውን ዘልቆ እስከ ጫፉ ይውጣ፤ ጫፉን እንጨት ላይ ተክላችሁ ስትጫኑት ለመጥ ይበል እንጂ አይሰበር። እንዲህ ያለው ስለቱ ቶሎ ቢደነዝዝም ግድ የለም፤ ሞረድ አለ። ባሌስትራ ከያዛችሁም ቅባት አትንፈጉት፤ እርጥብ አፎት ውስጥ አታሳድሩት። እኔ አሁን የምይዘው ያንን ዓይነት የማይዝግ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሳልፈትሸው የወጣሁበት ቀን የለም። ግን ምን ይጠቅመኛል? የሚያስፈልገኝ ያን ጠዋት ነበር።

ባለፈው ሰኔ በጌጡ ማሳ በኩል ሳልፍ በሬዎቹን ጠምዶ አየሁት። እርፉን በግራ እጁ ይዞ፣ በቀኙ ክንድ ደግፎ ይሞክራል። ሞፈሩ ይወላገድበታል፤ ይመልሰዋል፣ ደግሞ ይወላገድበታል። ትንሽ ቆሞ መሬቱን አየና ቀንበሩን አወረደ፤ ፀሐዩ ገና ሳይሞቅ በሬዎቹን ወደ ቤት ነዳቸው። እኔም ያላየሁ መስዬ አለፍሁ።