ያልተገመገመው ገጽ

አማቴ ሬዲዮ የሚከፍቱት ለሰሊጥ ዋጋ ነበር። ዋጋው ከተነገረ በኋላ ዓለም ቢገለበጥ ግድ አልነበራቸውም፤ ጠቅ አድርገው ያጠፏትና ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። ልጃቸው፣ ማለትም ባሌ፣ ከሞተ ወዲህ ግን ይህ ልማዳቸው ተለወጠ። ሸሕዲ ከተማ እኔ ጋ መጥተው መኖር ከጀመሩ በኋላ ሬዲዮዋ ከጠዋት እስከ ማታ ከራስጌያቸው አትለይም። ምን እንደሚጠብቁ ስለማውቅ አንድም ቀን ድምፁን ይቀንሱልኝ ብያቸው አላውቅም።

የሚጠብቁት ስለ ልጃቸው ሥራ የሚነገር አንድ ቃል ነው። ባሌ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር ነበር። ማታ ማታ፣ መብራት ባለ ጊዜ፣ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ተባብረው የሚሠሩትን አንድ አዲስ ብራውዘር ወደ አማርኛ ይመልስ ነበር። ብራውዘር ማለት ያው ኢንተርኔት የምንከፍትበት ፕሮግራም ነው። የዚህኛው ልዩነት አንድ ባለቤት የሌለው መሆኑ ነው። ውስጡ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ገብቶ ያየዋል፣ የቻለ ያስተካክለዋል፣ ደሞዝ የሚባል ነገር የለም። አማርኛውን እሱና ጎንደር ያለ ጓደኛው ተካፍለው ያዙት። እኔ የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም እሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሲጽፍና ሲሰርዝ ያመሽ ነበር።

አባቱ ይህንን ሥራ ብለው ጠርተውት አያውቁም። ያላቸው ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው፤ እርሻውም የሚተርፈው ለእሱ ነበር። "ይኸን ስትጠቀጥቅ ውለህ ስታድር ሰሊጡን ማን ይየው?" ይሉታል። እሱ ይስቃል። እሳቸው አይስቁም።

ሰሊጥ እንደ ማሽላ አይታገሥም። ቀኑን ጠብቀው ካላጨዱት ቆባው ይፈነዳና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ባለፈው አጨዳ መንገዱ ክፉ ስለነበር ሳሉግ የምንላቸው፣ ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ እንደ ወትሮው በብዛት አልመጡም። አማቴ ስልክ ደወሉ። "ያንን ዕቃህን ተወውና አንድ ሳምንት እንኳ ሰው ሁንልኝ" አሉት። ከትምህርት ቤት አስፈቅዶ ሄደ። እርሻው ላይ ወባ ያዘው። ወባ እዚህ አገር ሰው የሚያስደነግጥ በሽታ አይደለም፤ ሁላችንም ታመን ተነስተናል። የእሱ ግን ጭንቅላቱ ላይ ወጣ። ጎንደር ሆስፒታል እንዳንወስደው መንገዱ ተዘግቶ ነበር። መንገዱ ሲከፈት እሱ ተቀብሯል።

ለቅሶው ላይ የማላውቃቸው ሳሉጎች መጥተው ከድንኳኑ ውጭ ቆሙ። የጎጃሙም የወሎውም ነበሩባቸው። ግቡ ብንላቸው እንኳ ያፍራሉ። የመጡት ለባሌ አልነበረም፤ ለአባቱ ነው። በአጨዳ ጊዜ ሸሕዲ ላይ ሥራ ፈላጊው መንገድ ዳር ይሰበሰባል። ባለ እርሻው መኪና አቁሞ ጠንካራ ጠንካራውን ይመርጥና ጭኖ ይሄዳል፤ የቀረውን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። አማቴ ግን የሚፈልጉትን ሰው ከጫኑ በኋላ ከመኪናው ይወርዱና የቀሩትን ያናግሯቸዋል። "ዛሬ ሥራ የለም። ጥፋቱ የናንተ አይዶለም። አረፍ በሉና ነገ ደግማችሁ ሞክሩ" ይሏቸዋል። ሌሎቹ ባለ እርሻዎች ሰባኪው እያሉ ይቀልዱባቸዋል። ባሌም የእኔን ነጠላ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ የመጥረጊያ እንጨት ተደግፎ እሳቸውን ሲያስመስል እንባዬ እስኪመጣ ነበር የሚያስቀኝ።

አርባው ከወጣ በኋላ አማቴ አንድ ቀን ምሳ አቅርቤላቸው ሳለ፣ "ያ ይሠራው የነበረው ነገር አለቀ ወይ?" አሉኝ።

"ሊያልቅ ነው ይላሉ አባባ።"

"ሲያልቅ በሬዲዮ ይነገራል?"

"ይነገር ይሆናል" አልኳቸው። ሬዲዮዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጠፋችም።

እሳቸው ምን እንደፈለጉ ለማወቅ አዋቂ መጠየቅ አያስፈልግም። ለልጃቸው የተናገሩት የመጨረሻ ወቀሳ "ሰው ሁንልኝ" የሚል ነው። ሰው እንደነበረ ከእሳቸው በላይ የሆነ አንድ ድምፅ እንዲነግራቸው ይፈልጋሉ። እኔም እፈልግ ነበር፤ የእኔ ግን እንደሳቸው ንጹሕ አልነበረም። ቂም ነበረኝ። ባይጠሩት ኖሮ የምትል ሐሳብ ምግብ ሳቀርብላቸውም፣ እጃቸውን ሳስታጥባቸውም አብራኝ ነበረች። አላወጣኋትም። እሳቸውም አልጠየቁኝም። ሁለታችን በአንድ ቤት ውስጥ ያንኑ አንድ ነገር እየዞርነው እንኖር ነበር።

ብራውዘሩ የወጣ ቀን ከጎንደር ጓደኛው ደወለልኝ። እኛ ዘንድ የስልክ ጥሪ ቢሠራም ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሰንብቷል። "ወጣ" አለኝ፤ ድምፁም ተቆረጠ። ከዚያ ራሱን ሰብሰብ አድርጎ ዓለም ሁሉ እየጻፈበት እንደሆነ ነገረኝ። ቆየኝ አልኩትና አማቴን ጠራኋቸው። እሳቸው ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሷትን ኮት ለብሰው መጡ። ስልኩን ድምፁን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ ጓደኛው የውጭ ጋዜጦች ያሉትን እየተረጎመ ያነብልን ጀመር።

"አንዱ ከሌሎቹ ሁሉ ይፈጥናል ብሏል አባባ።"

"እሽ።"

"ሌላው ደግሞ የኮምፒውተሩን ጉልበት በጣም ይበላል ይላል።"

"የማይበላ ምን አለ። ቀጥል።"

ቀጠለ። አንደኛው ጸሐፊ መልኩን አልወደደውም፤ የምልክቱ ቀለም ዓይን ይወጋል ብሎ ብዙ አትቷል። ሌላው፣ የአንድ ድርጅት ገንዘብ ከኋላው የሌለው ነገር ዕድሜ አይኖረውም ብሏል። ሦስተኛው ለዚያኛው መልስ ጽፎ በመካከላቸው ጭቅጭቅ ተነሥቷል። አማቴ አንገታቸውን ደፍተው ሁሉንም ሰሙ። ሰምተው ሲጨርሱ፣ "የኛን ስም ጠርቷል?" ብለው ጠየቁ።

ጓደኛው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "በብዙ ቋንቋ ይሠራል ነው ያሉት አባባ። የማንንም ለይተው አልጠሩም።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ላጽናናቸው ብዬ ነገሩን ከደቦ ጋር አመሳሰልኩት። በደቦ ማን የቱን ትልም እንዳጨደ አይነገርም አይደል እንዴ አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

"ደቦ አታስተምሪኝ" አሉ። "ደቦ የጠራ ሰው ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ ያውቃል። ያበላል፣ ያጠጣል። ተደቦው መኻል የሞተ ቢኖር ይቀብራል።"

ትክክል ነበሩ።

ጓደኛው አዲስ ነገር ሲያገኝ ይደውላል። እሳቸው ኮታቸውን ይለብሳሉ፣ ይሰማሉ፣ ያንኑ ይጠይቃሉ፣ ያንኑ መልስ ያገኛሉ። እኔ ግን በሰማሁ ቁጥር ንዴቴ ይብሳል። የሰሊጥ ነጋዴ ጆንያውን በብረት ወግቶ ከመጣው ጥቂት ፍሬ ስለ ሙሉው ጆንያ ይፈርዳል። እነዚህም ወግተው ያወጡት እነሱ ጋ የሚታየውን ብቻ ነበር። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። ከአንድ ቆላ ከተማ አንድ መምህር በመብራት መቆራረጥ መሐል ምን እንደጻፈ እንዲያውቁ አይጠበቅባቸውም። ይህን አውቀዋለሁ፤ ግን ማወቁ አላበረደኝም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮዋ ራሷ ተናገረች። ከአዲስ አበባ የሚተላለፍ የቴክኖሎጂ ፕሮግራም ነው። እኔ ልብስ እያጠፍኩ ነበር፤ አማቴ እጃቸውን ሲያነሡ አይቼ ቆምኩ። ወጣቱ አቅራቢ የብራውዘሩን ስም ጠርቶ ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ መልኩ ያንኑ የሰማነውን ተናገረ። ቀጥሎ፣ "የአማርኛ ትርጉምም አለው" አለ። የአማቴ እጅ አየር ላይ እንዳለ ቀረ።

"ግን አማርኛው ገጠር ገጠር ይላል" አለ አቅራቢው። "በተለይ መስመር ሲቋረጥ የሚመጣው ገጽ በሁለት ቃል ማለቅ ሲችል እንደ አገር ሽማግሌ ያወራል።" ከጎኑ ያለችው ሳቀች። እሱም ሳቀ። ከዚያ ስለ አንድ አዲስ ስልክ ማውራት ጀመሩ።

ደሜ ፈላ። ስንት ጊዜ የጠበቅነው ቃል መጥቶ መሳቂያ ሆነ። ሬዲዮዋን ላጠፋት ስጠጋ አማቴ ቀድመውኝ ራሳቸው አጠፏት። ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ።

"ምንድር ነው የሚለው?" አሉኝ።

"ማን አባባ?"

"ገጹ። እንደ ሽማግሌ ያወራል ያለው።"

"አላውቅም አባባ።" እውነቴን ነው፤ ባሌ ከጻፋቸው ብዙ ሺሕ ነገሮች አንዱ ነው፤ አስነብቦኝም አያውቅም።

"አሳዪኝ።"

ላፕቶፑ በእሱ ሹራብ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ነበር። ከሞተ ጀምሮ አልከፈትኩትም፤ መክፈትም አልፈለግኩም። ሰበብ አገኘሁ ብዬ፣ "ኢንተርኔት የለም እኮ አባባ፤ ምንም አይከፍትልንም" አልኳቸው።

"ሰውየው ያለው መስመር ሲቋረጥ የሚመጣውን ነው" አሉ። "ተቋርጦ የለም ወይ?"

ሳጥኑን ከፈትኩ። ሹራቡን ስፈታው ጠረኑ ገና አልለቀቀውም ነበር። ላፕቶፑን ሰክቼ ትንሽ ከጠበቅኩ በኋላ ተነሣ። ብራውዘሩ፣ ባሌ ለሙከራ የጫነው፣ ከታች ጥግ ላይ ተቀምጧል። ከፈትኩት። የመጣልኝን አንድ አድራሻ ጻፍኩ። አማቴ ወንበራቸውን ስበው ከጎኔ ተቀመጡ። ማንበብ እንደማይችሉ እያወቁ መነጽራቸውን አደረጉ።

ገጹ መጣ። ነጭ ነው፤ መሐሉ ላይ የተበጠሰ ገመድ ተሥሏል። ከሥሩ ያለውን አነበብኩላቸው።

"መስመር የለም። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። አረፍ ይበሉና ደግመው ይሞክሩ።"

አማቴ አልተንቀሳቀሱም። ለካ ያ ሁሉ ጋዜጣ ይህንን ገጽ ያልገመገመው ስለማያየው ነው። መስመር የማይጠፋበት ሰው ምን አገናኘው። እኛ ዘንድ ግን ሰው ከሁሉም አብዝቶ የሚያየው ይህንን ነው፤ የፈተና ውጤቱን ሊያይ የመጣ ተማሪ ያየዋል፣ ሱዳን የቀረ ወንድሟን የምትፈልግ ሴት ታየዋለች። ባሌ ይህን ያውቅ ነበር። አጠገቤ ተቀምጦ ሲጽፍና ሲሰርዝ ያመሸው ለእነዚህ ሰዎች ኖሯል።

"ይኸ የኔ ንግግር ነው" አሉ አማቴ።

"አዎ አባባ።"

"ይስቅብኝ አልነበር?"

"ይስቅ ነበር።"

መነጽራቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ስክሪኑን ሳይሆን እኔን እያዩ፣ "መኻል ላይ ያለው ቃል፣ እውነት ነው?" አሉኝ።

ስለ ምን እንደሚጠይቁኝ አውቄያለሁ። ያችን የዞርናትን ነገር ነው። ቂሜ በዚያች ደቂቃ ለቀቀችኝ ብል እዋሻለሁ፤ አሁንም አንዳንድ ቀን ትመጣብኛለች። ግን እኚህ ሰው ሥራ አጥቶ መንገድ ዳር ለቀረ እንግዳ ሁሉ የማይነፍጉትን ቃል ከእኔ እየለመኑ ነበር። ልጃቸው ጽፎ ትቶላቸዋል፤ የጎደለው የሚናገረው ሰው ብቻ ነው። ስክሪኑን ሳላይ መለስኩላቸው።

"እውነት ነው አባባ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።"

ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። አለቀሱ። ልጃቸው ሲቀበር እንኳ እንዲህ ሲያለቅሱ አላየኋቸውም። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ።

እንባቸውን ከጠረጉ በኋላ፣ በጣታቸው ከጽሑፉ በታች ያለችውን ሰማያዊ ሣጥን አሳዩኝ። "ይችስ ምን ትላለች?"

"ደግመው ይሞክሩ ነው የምትለው። ስትነካ እንደገና ይሞክራል።"

"በይ ሞክሪው።"

ነካኋት። ጥቂት አሰበና ያው ገጽ ተመልሶ መጣ፤ እኔም ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና አነበብኩላቸው።