ስንዱን ለጨረር ካርቱም ያደረስንበት መንገድ

ከገዳሪፍ የተነሳነው ማለዳ ነው፤ እኔ፣ ወርቄና የስድስት ዓመት ልጇ ስንዱ። እናትና ልጅ በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከጎንደር ወገን በእግራቸው መጥተው መጠለያ ከገቡ ገና አምስት ወራቸው ነበር። የስንዱ አንገት እንቁላል የሚያክል እብጠት ሲያወጣ፣ የመጠለያው ሐኪም ከእብጠቱ ቆርጦ አስመረመረና «ካንሰር ነው። ጨረር ያስፈልጋታል፤ እሱ ያለው ደግሞ ካርቱም ብቻ ነው» አለ። ወርቄ አረብኛ አታውቅም። እኔ ሱዳን ከገባሁ ቆየት ስላልኩ አፍ ልሆናት አብሬ ተሳፈርኩ።

ፋው

እስክንጠግብ አቧራ እየቃምን ተጉዘን፣ መንገድ ላይ ባለችው በዚህች ከተማ ለፍተሻ ቆምን። ስደተኛ ያለ ይለፍ ወረቀት ከገዳሪፍ አይወጣም። የኛ ላይ የተጻፈው የሁለት ሴቶች ስም ነው፤ ልጅቷን ማንም አላሰበም።

«ልጅቷ ትውረድ» አለ ወታደሩ።

«ታማሚዋ እኮ እሷ ናት! እሷ ከወረደች እኛ ለሽርሽር ነው የምንሄደው?» አልኩት።

ተሳፋሪው ሳቀ፤ ወታደሩ አልሳቀም። ስንዱ አንገቷ ላይ ያሰረችውን ሻሽ ፈትቼ አሳየሁት። አየና ዓይኑን መለሰ። «ያላ፣ ሂዱ።»

ካርቱም

የጨረር ሐኪሙ አንገቷ ላይ በሐምራዊ ቀለም መስመር አሰመረ። «ጨረሩ የሚያርፈው በዚህ ልክ ነው፤ ውኃ እንዳይነካው» አለ። ለወርቄ ቃል በቃል ነገርኳት።

በማግስቱ ተራችን ደርሶ ጨረሩን የሚሰጠው ባለሙያ ሻሹን ሲፈታ መስመሩ የለም!

«ወርቄ! አጠብሻት?»

«ኧረ በማርያም፣ እታለም! ጠብታ ውኃ አላስነካኋትም። ከመጠለያው ቄስ የያዝኩትን ጸበል ብቻ ነው የቀባኋት።»

«ጸበልስ ውኃ አይደለም?»

«ጸበል ውኃ ነው እንዴ?» ብላ እኔኑ ታዘበችኝ።

ባለሙያው ያለ መስመር አይሆንም አለ። የሚያሰምረው ሐኪም ደግሞ ለሳምንታት ከከተማ ሊወጣ ነው። ወረፋው ላይ ያሉት ከመላው አገር የመጡ ሕፃናት ናቸው፤ ዛሬ ካለፈን መቼ እንደሚደርሰን የሚያውቅ የለም። ነገሩን እየተንተባተብኩ በአረብኛ ሳስረዳው ሰማኝና «የኔም እናት ብትሆን የመካውን የዘምዘም ውኃ ትቀባኝ ነበር» ብሎ እየሮጠ ወጣ።

ሐኪሙን የደረሰበት መኪናውን አስነስቶ ሊሄድ ሲል ነው። ሐኪሙ ተመልሶ መጣ፤ እኔን ተቆጣኝ፤ እንደገና አሰመረ። ከዚያ ስንዱ ብቻዋን ገባች፤ የብረቱ በር ተዘጋ። ወርቄ እስኪከፈት ድረስ መዳፏን ከበሩ ላይ አላነሳችም።

ከዚያ ወዲያ ጨረሩ ለሳምንታት ሲቀጥል፣ ወርቄ ላብ እንኳ መስመሩን እንዳያጠፋው በካርቶን ቁራጭ ስታራግብላት ከረመች። እብጠቱ ሟሸሸ። «ከሦስት ወር በኋላ መልሷት፤ ድናለች አልዳነችም የምንለው ያኔ ነው» ተባልን።

ገዳሪፍ

ከአውቶቡስ ስንወርድ አንዲት ሴት ዓይኑ ያበጠ ሕፃን ታቅፋ ትጠብቀናለች። መምጣታችን መጠለያው ድረስ ተወርቷል።

«ካርቱም ጨረር የሚሰጥበትን ቦታ የምታውቂው አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

ቃል በቃል መናገር ማስረዳት እንዳልሆነ የተማርኩት በዚህ ጉዞ ነው፤ ስለዚህ ከየት እንደምጀምር ሳስብ ወርቄ ቀደመችኝ።

«ነይ አረፍ በይ፣ እህቴ። እሷ ሐኪሞቹ ያሉትን ትነግርሻለች። እናት የምትሳሳተውን ግን እኔ ልንገርሽ።»