የጋሽ ደንከን ለቅሶ

እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የአንድ የስኮትላንድ እግር ኳስ ክለብ ደጋፊዎች ቅዳሜ ጠዋት ተሰብስበው ጨዋታ የሚያዩበት መጠጥ ቤት አለ። የሥራ ባልደረባዬ አንድ ቀን ይዞኝ ሄደና ሲዝኑን ሙሉ ስመላለስ ከረምኩ። ክለቡ እንደሆነ መሸነፍ ሥራው ነው። ሰዎቹ ግን ደስ ይላሉ፤ በተለይ ከጨዋታ በኋላ በመኪናዬ ቤታቸው የማደርሳቸው ሽማግሌ፣ እኔ ጋሽ ደንከን የምላቸው።

የመጨረሻው ጨዋታ ዕለት ሥራ ይዞኝ ዘግይቼ ደረስኩ። ቲቪው ጠፍቷል። ትልልቅ ወንዶች ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። የጋሽ ደንከን ወንበር ባዶ ነው፤ ሻርፓቸው ብቻ ተንጠልጥሏል። ገባኝ። ለቅሶ ላይ ደግሞ ገና እንደገቡ ምን ተፈጠረ ተብሎ አይጠየቅም። አንገቴን ደፍቼ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ስወጣ "ጌታ ያጽናችሁ" አልኳቸው፤ ከመካከላቸው ሁለቱ "አሜን" አሉኝ።

በማግስቱ ከቸርች መልስ እኔና ባለቤቴ ጥቁር በጥቁር ለብሰን፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሀበሻ ምግብ ቤት ምስር ወጥ በድስት፣ እንጀራና አንድ ካርቶን ውሃ ጭነን ቤታቸው ሄድን።

በሩን የከፈቱልን ራሳቸው ጋሽ ደንከን ናቸው። ባለቤቴ ድስቱን ልትለቀው ምንም አልቀራት።

እሳቸው ልብሳችንን አዩ፣ ድስቱን አዩ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

"ማየት አቅቶኝ ሳያልቅ ጥዬ ወጣሁ" አሉ። "ክለባችን ከሊጉ ሲወርድ የገዛ ልጆቼ እንኳ ኮል አላደረጉልኝም። ለቅሶ የደረሳችሁኝ እናንተ ብቻ ናችሁ።"