ያልተቋጠረው ፊላ

ራዚያን ከአራተኛ ክፍል ያስወጣት ሐይቅ ዳር የሚበቅለው ፊላ ነው። እናቷ ወገቧን ሲያማት ማጭዱን ተቀበለች፤ ከዚያ ወዲህ አርዲቦ ሐይቅ ዳር እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ቆማ ኖረች። ፊላ ታጭዳለች፣ ጂባ የሚባለውን ምንጣፍ ትሠራለች፣ ጂባውን ተሸክማ ሐይቅ ከተማ ትሸጣለች። ሌላ ሙያ አልተማረችም፤ ሌላ ነገር መመኘትም ትታለች።

አጫጆቹ አንድ ልማድ አላቸው። ፊላው መሃል እንቁላል የታቀፈች ይብራ የምትባል የውሃ ወፍ ያገኘ ሰው፣ በዙሪያዋ ያለውን ፊላ ጫፍ ለጫፍ ቋጥሮ ያልፋል። ጫጩቶቹ ውሃ ላይ እስኪወጡ ቋጠሮ ባለበት ማጭድ አይገባም። አብዛኛውን ጊዜ የምትቋጥረው ራዚያ ነበረች። ማንም አልሾማትም፤ ዓይኗ ቀድሞ ስለሚያይ ነው። «ራዚያን ጠይቋት» ይባል ነበር። ስለ ሌላ ነገር የሚጠይቃት ሰው አልነበረም።

አምና የሐይቁን ወፎች የሚያስጠብቅ ፕሮጀክት መጣ። ማንበብና በስልክ ፎቶ ማንሳት የሚችል ጠባቂ ሲፈለግ፣ ከጂዳ የተመለሰችው አብሮ አደጓ ፈዲላ ተመረጠች። አረንጓዴ ሰደርያና የሩቅ ማያ መነጽር ተሰጣት።

«አንች ራዚያ፣ ነይማ እይበት!» አለቻት አንድ ቀን ከዳር ቆማ።

«ዓይኔ ይበቃኛል። አንችው እይበት፤ ጂዳ ወፍ የለም መሰለኝ።»

«ወላሂ፣ ጂዳ ያየሁት የሰው ወጥ ቤት ብቻ ነው!»

ሴቶቹ ሳቁ። ራዚያም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም። ሰደርያው ለፈዲላ ልክክ ብሎላት ነበር። እሱም አናደዳት።

አንድ ጠዋት ብቻዋን ስታጭድ፣ ጥቅጥቅ ባለው ፊላ ውስጥ የአንዲት ይብራ አንገት አየች። ወፊቱ እንቁላሏ ላይ ድፍት ብላ ተኝታለች። የራዚያ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ፊላው ጫፍ ተዘረጋ። ያኔ አረንጓዴው ሰደርያ ትዝ አላት።

«ጠባቂ አላት አይደል? ጠባቂዋ ትቋጥርላት» አለችና እጇን መለሰች። ነገ አጫጆቹ ሲመጡ፣ ፈዲላ በዚያ መነጽሯ ምን እንዳየች ሰው ይይላት።

በማግስቱ ሴቶቹ ተሰልፈው ገቡ። ከፊት የነበረችው ኢልሀም ቆም ብላ፣ «ፈዲላ፣ እዚህ እንቁላል ይኖር ይሆን?» ስትል ጮኸች።

ዳር የቆመችው ፈዲላ መነጽሩን እንኳ አላነሳችም። «ትላንት ራዚያ እዚህ ስታጭድ ነው የዋለችው። እሷ ያልቋጠረችው ባዶ ነው። እጨዱ!»

ራዚያ ውሃው ውስጥ ደርቃ ቀረች። ፈዲላን ልታዋርድ ያሰበችበት ማጭድ አሁን የሚያጭደው በራሷ በራዚያ ስም ነበር። ይብራዋ ድንገት ክንፏን አርገብግባ ተነሳች።

«ቁሙ! አቦ ቁሙ!» ውሃውን እየቀደደች ሮጠች። የኢልሀም ማጭድ አንዱን ጎን ከፍቶታል፤ እንቁላሎቹ ፀሐይ ላይ ወጥተዋል። የቀረውን ፊላ ጎንበስ አድርጋ ልትቋጥር ሞከረች፤ ብቻዋን ግን አልሰበሰብ አላት።

ፈዲላ ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ ፊላውን ሰብስባ ያዘችላት።

«ትላንት አላየሻትም?» አለች ቀስ ብላ።

«ፀሐይ ዓይኔን ወጋኝ።»

ፈዲላ አየቻት። ከዚያ የፊላውን ጫፍ አቀበለቻትና ራዚያ ቋጠረችው።

ሁለቱም ዳር ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። የቀትሩ የዙሁር አዛን ሲሰማ ይብራዋ ዞር ዞር ብላ ቋጠሮው ውስጥ ገባች። «አልሐምዱሊላህ» አለች ፈዲላ፣ ፎቶም አነሳች።

ፎቶውን ያዩት የፕሮጀክቱ ሰዎች በሳምንቱ መጥተው ፈዲላን አመሰገኑ። «የቋጠረቻት እኮ ራዚያ ናት» አለቻቸው። አንደኛው «ጥሩ ነው» ብሎ ራሱን ነቀነቀና ወደ ባለ ሰደርያዋ ዞረ። ራዚያ ሸክሟን እንዳዘለች ከኋላ ቆማ ነበር። እውነቱን ያወጣችላት ፈዲላ መሆኗ ይበልጥ አንገበገባት።

ወደ ቤቷ ስታዘግም ሌላ ይብራ ጎጆ ልትሠራ ቅጠል ስትጎትት አየች። ሸክሟን አወረደች፤ ውሃው ውስጥ ገባችና የፊላውን ጫፍ ሰብስባ ቋጠረች። ማንም ቢያየው ያ ቋጠሮ የእጇ እንደሆነ እንዲያውቅ አድርጋ አጠበቀችው።