ጨው በተነሰነሰበት መንገድ የአባቴን ቮልስ ነዳሁ

ዛሬ ጠዋት እናቴ ሲታክ ከተማ ካለው አፓርትመንቷ ወጥታ በረዶው ላይ፣ ከአባቴ ቮልስ አጠገብ ቆመች። የበሩን እጀታ አልነካችም።

በእሷ በኩል ያለው የመኪናዋ በር ከውጭ አይከፈትም። ሁልጊዜ አባቴ ከመሪው ተንጠራርቶ ነበር የሚከፍትላት።

እሱ ካረፈ ወዲህ መኪናዋን ሸፍኜ አስቀምጫታለሁ። መካኒኩ ጋሽ ታደሰ ትናንት፣ «መንገዱ በረዶ በሚያቀልጡበት ጨው ተሞልቷል፤ የሆዷን ብረት ይበላታል፣ እንዳታንቀሳቅሳት!» ብለውኝ ነበር።

እናቴ ግን ደውላ፣ «ለማን ነው የምታስቀምጣት? አንዴ አዙረኝ» አለችኝ።

ተንጠራርቼ ከፈትኩላት።

«ቀስ በል፤ አባትህም እንዲሁ ይቸኩል ነበር።» (አባቴን ብስክሌት ይቀድመው ነበር።)

ሰፈሩን ዞረን ስንመለስ ቶሎ አልወረደችም።

አሁን መኪናዋ ሥር ተጋድሜ ጨዉን እያጠብኩ ነው። እናንተስ፣ እንዳይበላሽ ብላችሁ የሸፈናችሁት፣ ግን ሰው ቆሞ የሚጠብቀው ነገር አላችሁ?