የእማዬ እጥበትና የእኔ ሰማያዊ

ባለፈው ሳምንት የስልኬ ስክሪን ቢጫ ቢጫ ሲልብኝ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ወዳለ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ጠጋኙ ገለባበጠና "ማዘር፣ ሰማያዊው ደክሟል። ከቀለሞቹ ሁሉ ቶሎ የሚያረጀው እሱ ነው" አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ለእኔ ነው የሚነግረኝ! የወጣትነቴን ሁለት ዓመት የበላው እኮ ይኸው ሰማያዊ ነው።

ያኔ ለሁለተኛ ዲግሪ ኬሚስትሪ እማር ነበር። ሥራዬ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ሰማያዊ የሚያበራ፣ ለስክሪን የሚሆን ዱቄት መፍጠር ነበር። ቀይና አረንጓዴ እሺ ይላሉ፤ ሰማያዊ ግን አመለኛ ነው። የሠራሁትን አሟሙቼ በአልትራቫዮሌት መብራት ሳየው ወራት ሙሉ አረንጓዴ ብቻ! መመረቄ ደግሞ በእሱ ላይ ተንጠልጥሏል።

በዚያ ክረምት ቤተ ሙከራው ውስጥ ውሃ ጠፋ። የምሠራባቸውን ብልቃጦች ቤት ላጥባቸው ብዬ በዘንቢል አድርጌ፣ ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አቅፌ፣ የሀና ማርያምን ጭቃ እየዘለልኩ ቤት አደረስኳቸው። በርሜል ውሃ ነበረን። እማዬ "አንቺ መስበር ነው የምታውቂው፣ ወዲያ በይ!" ብላ ራሷ አጠበችልኝ።

በማግስቱ አዲሱን ሙከራ በእነዚያው ብልቃጦች ሠርቼ መብራቱን ሳበራ፣ ሰማያዊ! ጮህኩ። አማካሪዬ ደስታቸው ወሰን አጣ፤ "ነገ ለስብሰባ አቀርበዋለሁ" አሉ። ማታ ቤት ስነግራት እማዬ "ሳላይማ አላምንም" ብላ ጠዋት ጭኮ በሳህን ይዛ፣ ነጭ ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለችኝ።

መጋረጃውን ዘግቼ መብራቱን አበራሁ። ብልቃጡ በራ። የእማዬ ነጠላም በራ፤ ያው ሰማያዊ፣ እንዲያውም የባሰ!

"እሰይ! እኔም ላይ ወጣ!" አለች እየተሽከረከረች።

እኔ ክው አልኩ። "እማዬ፣ ብልቃጦቹን በምን ነበር ያጠብሻቸው?"

"ነጠላዬን በማጥብበት ነዋ፣ በዱቄት ሳሙናው! ውሃው እንዳያልቅ ደግሞ አንዴ ብቻ ነው ያለቀለቅኳቸው።"

ለካ ያበራው ሳሙናው ውስጥ ያለው፣ በዚህ መብራት ሰማያዊ የሚፈካው ልብስ ማንጫ ነው! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አማካሪዬ ውጤቴ የተጻፈበትን ወረቀት ይዘው ወደ ስብሰባው እየገቡ ነበር። ዝም ብልስ ማን ያውቃል? አልዋሽም፣ ይህ ሐሳብ መጥቶብኛል። ግን ሮጬ በሩ ላይ ደረስኩባቸውና "ዶክተር፣ ሳሙና ነው!" አልኳቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እሳቸው ግን እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና መጥተው የእማዬን ጭኮ በሉ።

እውነተኛው ሰማያዊ ከወራት በኋላ መጣ፤ ፈዛዛ ነበር። ለፈተና ስቀርብ ግን እንደሱው የታጠበ ባዶ ብልቃጥ ጎኑ አስቀምጬ፣ ባዶው እንደማይበራ አሳየሁ። ያስመረቀኝ ባዶው ብልቃጥ ይመስለኛል።

ከጥገና ቤቱ ስመለስ ለእማዬ ነገርኳት። አሁን ዓይኗ ደክሟል፤ ስልኩን ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረገችው።

"ሰማያዊው ደከመ አሉሽ? ተዪልኝ፣ አጥበዋለሁ። ዘንድሮ ውሃ አለ፤ ደህና አድርጌ ነው የማለቀልቀው።"